«ሐስ» ተብሎ የተሸጠ አቮካዶ በዲኤንኤ ይለያል?

ጥያቄ፦ «ግራፍት የተደረገ ሐስ ነው» ተብዬ 40 የአቮካዶ ችግኝ ገዝቼ ተከልሁ። የግማሾቹ ቅጠል ግን አላማረኝም። ፍሬ እስኪሰጡ ዓመታት ከምጠብቅ አስመርምሬ ማወቅ እችላለሁ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ይችላሉ። ሐስ የአቮካዶ ዝርያ ነው፤ ግራፍት ማለት ደግሞ የተፈለገውን ዝርያ ቀንበጥ በሌላ ችግኝ ሥር ላይ ማጣበቅ ነው። የሚመረመረው ኤስኤስአር በሚባል ማርከር (የዲኤንኤ መለያ ምልክት) ነው። በዲኤንኤ ላይ ከ1 እስከ 6 ፊደል ያላት አጭር ቃል የምትደጋገምባቸው ቦታዎች አሉ፤ «ጂኤ» የምትለው በአንዱ ዛፍ 12 ጊዜ፣ በሌላው 17 ጊዜ ብትመጣ የ10 ፊደል ልዩነት ይገኛል። ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ ስለሚወረስ በየቦታው ሁለት ርዝመት ይነበባል፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ አንድ ብቻ ይታያል። 10 ያህል ቦታ ከተነበበ ለዛፉ መታወቂያ ይበቃዋል።

እውነተኛው ግራፍት ከተረጋገጠ ሐስ ጋር በሁሉም ቦታ፣ በሁለቱም ርዝመት ይገጥማል። ከሐስ ፍሬ የበቀለው ግን አንዱ ርዝመት ይገጥምና ሌላው በብዙ ቦታ እንግዳ ይሆናል። አባቱም ሐስ ከሆነ እንግዳ አይታይም፤ ሐስ ሁለት ርዝመት ካለው ቦታ በግማሽ ያህሉ ግን አንድ ብቻ ይቀራል። ሻጩ «እናቱ ሐስ ናት» ካለ ላይዋሽ ይችላል፤ ልጇ ግን ሐስ አይደለም።

ቅጠሉን ከግራፍቱ መጋጠሚያ በላይ፣ ለጋውን ይቁረጡ። ከታች የወጣ ቀንበጥ የሥሩ ዛፍ ስለሆነ ደህናውን ችግኝ ሐሰተኛ ያስመስለዋል። በወረቀት ጠቅልለው የክብደቱን አሥር እጥፍ በሚሆን ሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ ጠጠር) ውስጥ ይዝጉት፤ በማግስቱ ሲታጠፍ ካልተሰበረ ጄሉን ይቀይሩ። በፌስታል ታስሮ በአውቶቡስ የሚላክ እርጥብ ቅጠል ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይበጣጠሳል። አምስት አጠራጣሪ ችግኝ ይበቃል። ከተረጋገጠ የሐስ እናት ዛፍ ማነጻጸሪያ ካላገኙ ግን ገንዘብዎን አያውጡ።

ያረጀ ቅጠል ፖሊፌኖል የሚባል ኬሚካልና ልጋግ ስለሚበዛው ፒሲአሩን (ዲኤንኤውን የሚያባዛውን የላብራቶሪ ሥራ) ያግዳል። ውጤቱ በአጋሮዝ ጄል (ዲኤንኤን በርዝመቱ በሚለይ ቀላል ዘዴ) ብቻ ከተነበበ አይቀበሉ፤ የ2 ፊደል ልዩነት እዚያ ላይ አይለይም። ትንሽ የርዝመት ልዩነት በሚለየው በካፒላሪ መሣሪያ ይነበብልዎ። ያልገጠመው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነም ይደገም።

ጥያቄ፦ አፕል ከዘር አብቅዬ ጥሩ ጥሩውን በማርከር መምረጥ ይቻላል? (ከደሴ)

መልስ፦ መታወቂያ ስለ ጣዕም አይናገርም። ማርከሩ ከሚፈለገው ጂን አጠገብ ከተቀመጠ ግን ይሠራል፤ ሲኤች-ቪኤፍ1 የተባለው የአፕል እከክ የተባለውን በሽታ ከሚቋቋመው ጂን ጎን ስለሆነ አዳቃዮች ገና በችግኝነቱ ይለዩበታል። ለጓሮ ግን ድካሙ አያዋጣም። ግራፍት የተደረጉ፣ አብረው የሚያብቡ ሁለት ዝርያዎች ይትከሉ፤ አብዛኛው አፕል በራሱ ብናኝ አያፈራም።