ጭራው ብርቱካናማ የሆነው እንሽላሊት መርዛማ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምኖረው ፊኒክስ አሪዞና ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሁለት ልጆቼ ጋር ሳውዝ ማውንቴን ሃይክ ወጥተን አለት ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር እንሽላሊት አየን፣ ጭራው ብርቱካናማ ነው፣ ትልቁ ልጄ "ጊላ ሞንስተር!" ብሎ ጮኸ፣ እኔም ደንግጬ ሁለቱንም እየጎተትኩ ወደ መኪና ወረድኩ። አሁን ልጁ ካልተመለስን ብሎ መቀመጫ አሳጥቶኛል። ያየነው እሱ ነው? ላሳየው ብልስ እንዴት አድርጌ? እርስዎ በረሃውን ስለሚያውቁት ቢነግሩኝ።
(አባት፣ ከፊኒክስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የማታውቀውን አውሬ ስታይ ልጆችህን ማራቅህ ልክ ነህ። ግን ከነገርከኝ ስነሳ ያያችሁት ቸክዋላ ነው የሚመስለኝ። እዛ ተራራ ላይ ያሉት ወንዶቹ ቸክዋላዎች ገላቸው ጥቁር ጭራቸው ካሮት የመሰለ ነው፣ ቅጠልና አበባ በሊታ ናቸው፣ መርዝ የላቸውም። ስትጠጋው አለት ስንጥቅ ውስጥ ይገባና አየር ስቦ ሆዱን ነፍቶ እዛው ይሰነቀራል።

መርዛሙ እንሽላሊት ጊላ ሞንስተር ሌላ ነው። ቆዳውን ካየኸው አትሳሳትም፣ ዶቃ በዶቃ የተሰፋ ነው የሚመስለው፣ ጥቁርና ሮዝ ወይ ብርቱካናማ እየተቀላቀለ፣ ጭራው አጭርና ድንቡሽ ያለ ነው፣ ስብ የሚያጠራቅመው እሱ ውስጥ ነዋ። ርዝመቱ ግማሽ ሜትር አካባቢ ነው። እኔ ቱሳን አጠገብ አንድ ሚያዝያ ጠዋት ቁጥቋጦ ስር ሲሄድ አይቼዋለሁ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፣ አንድ እርምጃ ሄዶ ጫፉ የተሰነጠቀ ወፍራም ምላሱን ያወጣል፣ መሬቱን ይቀምሳል፣ ደግሞ አንድ እርምጃ። የወፍ እንቁላል ነበር የሚፈልገው። ቆሜ አየሁት፣ እሱም መንገዱን ቀጠለ።

ከጊዜው 95 በመቶውን ጉድጓድ ውስጥ ስለሚያሳልፍ በሄድክ ቁጥር አታገኘውም። የተሻለው ጊዜ ከኤፕሪል እስከ ጁን ጠዋት ጠዋት ነው፣ የሰመሩ ዝናብ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ማታ ማታ ይወጣል፣ ማታ ከሆነ ባትሪ ያዙ፣ ሸፋን ጫማ አድርጉ፣ እባቡም የሚወጣው ያኔ ነው። ለልጆቹ ደጋግመህ የምትነግራቸው አንድ ነገር እጅ ነው፣ ዓይን ያላየው ጉድጓድና የድንጋይ ስር እጅ አይገባም፣ በቃ። ሮጦ ሰው የሚያሳድድ እንስሳ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ የሚነክሰው ያነሳውን ወይ የነካካውን ሰው ነው። እኔ ከሁለት ሜትር በላይ አልጠጋውም፣ ለፎቶ ዙም አለልህ።

መርዙ ያለው ታችኛው መንጋጋው ውስጥ ነው፣ እንደ እባብ ወግቶ አይለቅም፣ ነክሶ ይይዝና ያኝካል። ህመሙ ከባድ ነው፣ ያብጣል፣ ያስታውካል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ማርከሻ መድሃኒት አልተሰራለትም። በሰው ላይ ሞት ብርቅ ነው ግን በፈረንጆቹ 2024 ኮሎራዶ ውስጥ ቤቱ ያሳድገው የነበረው ነክሶት የሞተ ሰው አለ፣ ስለዚህ ቀልድ የለም። ከነከሰ ቶሎ መንጋጋውን በእንጨት ፈልቅቆ ማስለቀቅ፣ 911 መደወል፣ ቀለበት ማውለቅ። መብጣት፣ መምጠጥ፣ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ በረዶ ማድረግ የሚባለውን ተዉት።

መግደልም ሆነ ይዞ መሄድ በአሪዞና ክልክል ነው፣ ከ1952 ጀምሮ በህግ የተጠበቀ እንስሳ ነው። እኔን ግን ከህጉ በላይ የሚያሳዝነኝ ሰው ፈርቶ በድንጋይ ሲቀጠቅጠው ነው። ስንቱ የኛ ሰው ስኳር አለበት አይደል፣ በ2005 ለታይፕ ቱ ስኳር የተፈቀደው ባየታ የሚባለው መድሃኒት የተሰራው እዚሁ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ የተገኘ ነገር ተጠንቶ ነው። ለልጅህ ይሄንንም ንገረው።

መጀመሪያ ግን ቱሳን ያለው አሪዞና ሶኖራ ዴዘርት ሙዚየም ውሰደው፣ እዛ በመስታወት ውስጥ አለ፣ ዶቃውን በደንብ ይየው፣ ከዛ በኤፕሪል አንድ ቅዳሜ በጠዋት ተነስታችሁ ፈልጉት።