መልስ፦ ደንገጎን በብስክሌት በቡድን
በጥቅምት በቡድን ከድሬዳዋ ሐረር ደርሶ ለመመለስ ምን እናዘጋጅ ላልከው፣ ወንድሜ፣ ፈተናው በመንገዱ ላይ ያለው የደንገጎ ዳገት ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደንገጎ ጫፍ ከ2,000 በላይ። የፊቱ ትንሹ ማርሽ 34 ጥርስ ከሆነ የኋላው ትልቁ ቢያንስ 32 ይሁን፤ አለዚያ ጉልበት ይጎዳል። ዳገቱ ሳይከብድ ቀይሩ፤ ፔዳል በኃይል እየረገጡ መቀየር ሰንሰለት ይበጥሳል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሱ፣ ለሰው ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመልስ ጉዞው ቁልቁለት ነው። ፍሬን ሳይለቁ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ ሲግል የውስጥ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ከኩርባው በፊት ጠበቅ፣ ቀጥታው ላይ ለቀቅ። ደንገጎ ላይ ቆማችሁ የፍሬኑን ሸራ እዩ፤ በሸራው ላይ የተቀረጸው ቦይ ተበልቶ ከጠፋ ሸራውን ሳትቀይሩ እንዳትወርዱ። የጫት መኪኖች በፍጥነት ስለሚወርዱ አንድ በአንድ፣ ተራርቃችሁ ንዱ።