የሐይቅ ጀልባ ሞተር ውሃ ሲያንሰው፦ ኢምፔለር ብቻ አትቀይር

አብሽር ወንድሜ። «ደሴ አጠገብ ባለው ሐይቅ (ሎጎ ሐይቅ) ላይ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ያማሃ የጀልባ ሞተሬ ከጎን የምታፈናጥቀው ውሃ ቀጥናለች፣ ኢምፔለር (ውሃ ፓምፑ ውስጥ የምትዞረውን ባለ ክንፍ ጎማ) ገዝቻለሁ፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ ላስገባው ወይስ ራሴ ልቀይር?» ላልከው፣ ራስህ ቀይረው፤ ቢበዛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከመፍታትህ በፊት ሞተሩን አጥፍተህ ውሃ መውጫዋ ቀዳዳ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገባ። ክረምት ጎርፍ ከገባ በኋላ ደለል ይደፍናታል፣ ሰው ግን ፓምፑን ይጠረጥራል። የታችኛውን ውሃ መሳቢያም ከሣርና ከላስቲክ አጽዳው።

በዚህ ካልተስተካከለ የካንዴላውን ገመድ ንቀል። ማርሹ በየትኛው እንደቆመ ያዝ፣ የማርሹ ዘንግ ማያያዣ ዳዶ ያለበትንም ቦታ ሳትፈታ በቀለም ምልክት አድርግበት። የታችኛውን ክፍል የያዙትን ብሎኖች ፈትተህ ቀጥ አድርገህ ወደ ታች ሳብ። እምቢ ካለህ በካቻቢቴ አትፈልቅቀው፣ አሉሚኒየሙ ይቆረሳል፤ ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ ነካ ነካ አድርገው።

የፓምፑን ቤት ስትከፍት የአሮጌውን ኢምፔለር ክንፎች ከአዲሱ ጋር አስተያይተህ ቁጠር። አንዷ ተቆርጣ ከሆነ ቁራጯ ከፓምፑ ወደ ሞተሩ ውሃ በሚያወጣው ቱቦ ሽቅብ ወጥታ ሞተሩ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቫልቭ) አካባቢ ተወትፋለች። ሳታወጣት አዲስ ብትገጥም ሞተሩ ያው ይግላል። ቴርሞስታቱን ፈትተህ ከላይ ወደ ታች በጎማ ውሃ ልቀቅበት።

ቀጥሎ ኢምፔለሩ የሚዞርበትን የብረት ኩባያና ከሥሩ ያለውን ዝርግ ብረት በጥፍርህ ዳብስ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ሁለቱንም ቀይር። የሐይቅ ውሃ እንደ ባሕር ጨዋማ አይደለም፣ ብረት ያን ያህል አይበላም፤ ዳር ዳሩን ስትሄድ የሚገባው ደለል ግን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ደሴ ያሉ የመኪና መለዋወጫ ሱቆች ውስጥ ይህን አትፈልግ፤ የመኪና ውሃ ፓምፕ ክንፉ የማይተጣጠፍ ነው፣ ያንተ ጎማ ነው። በሞተሩ ሞዴል ቁጥር ሙሉ ኪቱን (የፓምፑን መለዋወጫ ስብስብ) እዘዝ። ከደሴ ሱቆች የምታገኘው ቢኖር የጓርኒሲዮን ወረቀት ነው፤ ውፍረቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፣ ከወፈረ ክፍተት ይፈጥርና ፓምፑ ይደክማል።

ስትገጥም ሻፍቱ (ፓምፑን የሚያዞረው ዘንግ) ላይ ያለችውን ትንሽ ኪ፣ ኢምፔለሩን ከሻፍቱ ጋር የምትይዘውን ብረት፣ አትርሳ፤ ከወደቀች ሻፍቱ ይዞራል፣ ኢምፔለሩ ይቆማል። ጎማውን በፈሳሽ ሳሙና ቀባ። ኩባያውን ወደ ታች እየተጫንክ ሻፍቱን ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ አዙር፣ ክንፎቹ በትክክል ይተኛሉ። ወደ ኋላ አታዙር። የሻፍቱን ጥርስ ጎን ግሪስ ቀባ፣ አናቱን ግን ተወው፤ ግሪስ እዚያ ከተጠራቀመ ጠልቆ አይገባም።

አዲስ ፓምፕ ገብቶ ጠብታ ውሃ የማይወጣው በአብዛኛው በቱቦው ነው። የታችኛውን ክፍል ስትመልስ የቱቦው ጫፍ ፓምፑ ላይ ያለው ጎማ ውስጥ መግባቱን በባትሪ እያየህ ግፋ። ብሎን ከማጥበቅህ በፊት ማርሹን ወደፊት፣ ባዶና ወደኋላ አድርገህ ፕሮፔለሩን በእጅ ሞክር።

ሙከራው በርሜል ውስጥ ነው፤ ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ዝርግ ክንፍ ይሸፍን፣ ማርሹ ባዶ ይሁን። በደረቁ ለሰከንዶችም አታስነሣ፣ አዲሱ ጎማ ይቃጠላል። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ውሃ ካላየህ አጥፋና ወደ ቱቦው ተመለስ። ሐይቅ ከባሕር ጠለል ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፣ ውሃ እዚያ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ሞተርህ ሲግል ውስጡ ያለው ውሃ ቆላ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ሞተር ቀድሞ ይተናል።

እግረ መንገድህን የማርሹን ዘይት ጠብታ አውጥተህ እይ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ማሸጊያ ጎማዎቹ ይቀየራሉ፤ ያ ግን ሌላ ሥራ ነው፣ ፎቶ አንሥተህ ለብቻው ጠይቅ።