ፕሮክተሩ ያየውን ሬጅስትራሩ አያይም

በድሬዳዋ፣ በሐረማያና በሐረር ጤና ካምፓስ ለምትማሩ ልጆች፣

ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ግን ጎርፍ ሊመጣበት ይችላል፤ ዝናቡ የሚጥለው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። የ1998ቱን የሌሊት ጎርፍ የድሬ ሰው እስካሁን ያነሳዋል። ተማሪ ትምህርት የሚያቋርጠውም እንዲሁ ነው። ሻንጣ ይዞ ከበር ሲወጣ ያየ ሁሉ «ምነው በድንገት?» ይላል። ነገሩ ግን ላይ ሲጠራቀም ከርሟል።

ሲጠራቀም ያየው ሰውም አለ። ችግሩ አንዱ ሰው ሁሉንም አለማየቱ ነው። ልጁ ቀን ተኝቶ ሌሊት እንደሚነቃ የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩ፣ ያውቃል። ቁርስ ከቀረ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው የካፌውን የምግብ ካርድ (ሚል ካርድ) የሚቆጣጠሩት ያውቃሉ። ጨጓራዬን እያለ ሦስት ጊዜ እንደመጣ የክሊኒኩ ነርስ ታውቃለች። ቴስት አንድ እንዳመለጠው መምህሩ ያውቃል። ሬጅስትራሩ የሚያውቀው ውጤት ሲገባ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ቁጥር እንጂ ምክንያት አይደለም። አምስቱ ቢሮዎች በእግር አሥር ደቂቃ አይራራቁም፤ ግን እርስ በርስ አይነጋገሩም። እስኪነጋገሩ ድረስ የምታነጋግሯቸው እናንተ ናችሁ።

እንዴት? በአንድ ገጽ ወረቀት። ላዩ ላይ ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ዲፓርትመንት፣ ዓመትና ሴክሽን ይጻፍ። ቀጥሎ የሆነው ነገር ከነቀኑ፤ «ብዙ ጊዜ ታምሜ» አይበቃም፣ «ከኅዳር 4 እስከ ኅዳር 11» ይባል። ከዚያ ያመለጣችሁ ቴስት፣ ላብ ወይም አሳይመንት በኮርስ ስም። መጨረሻ ላይ የምትለምኑት ነገር፣ አንድ ብቻ፦ ወይ ሜካፕ (ላመለጠ ፈተና ምትክ)፣ ወይ ኮርስ ድሮፕ (አንድ ኮርስ መጣል)፣ ወይ ዊዝድሮዋል (ሴሚስተሩን በፈቃድ ማቋረጥ)፣ ወይ የገንዘብ እርዳታ። አራቱን በአንድ ማመልከቻ የጠየቀ ማመልከቻው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ይከርማል። አራት ኮፒ አድርጉት፤ ለአማካሪ መምህር፣ ለዲፓርትመንት፣ ለተማሪዎች ዲን፣ አንዱ ለራሳችሁ። በራሳችሁ ኮፒ ላይ የተቀበለው ሰው ፊርማና ቀን ይኑርበት። አማካሪያችሁ በዓመቱ መካከል ለትምህርት ሊሄድ ይችላል፤ የነገራችሁትን ቃል ይዞት ይሄዳል፣ ፊርማው ግን ይቀራል። አማካሪው ካልተገኘ በር ላይ ቆማችሁ አትዋሉ፤ የዲፓርትመንቱን ጸሐፊ ጠይቁ። ማን መቼ እንደሚገባ ከኃላፊው ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ሕመም ከሆነ ወረቀቱ በዕለቱ ይያዝ። ድነው ከሳምንት በኋላ «ታምሜ ነበር» ብለው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ ሐኪም ያላየውን ቀን መመስከር አይችልም። የግል ክሊኒክ ከታከማችሁም ወረቀቱን ወዲያው ለግቢው ክሊኒክ አሳዩ።

አሁን ወደ ቁጥሩ፤ ብዙ ልጅ የሚሸሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት 1.60 መጣ እንበል፣ የወሰዳችሁት 30 ክሬዲት ነው። 30 በ1.60 ሲባዛ 48 ነጥብ ነው። በዓመቱ መጨረሻ 60 ክሬዲት ላይ 2.00 ለመድረስ 120 ነጥብ ያስፈልጋል። የቀረው 72 ነው፤ ለ30 ሲካፈል 2.40። ስድስት ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ካላችሁ አራት ሲ (2 ነጥብ) እና ሁለት ቢ (3 ነጥብ) 2.33 ይሰጣችኋል፣ ትንሽ ይጎድላል፤ ሦስት ሲ እና ሦስት ቢ ግን 2.50 ነው፣ ያልፋል። ይኸው ነው ሁሉም ነገር። «አለቀልኝ» ብሎ አልጋ ላይ የተጋደመው ልጅ ይህን ሒሳብ አልሠራውም።

ከስድስቱ አንዱን ድሮፕ ብታደርጉስ? ክሬዲቱ 25 ይሆናል፣ ድምሩ 55። 55 በ2.00 ሲባዛ 110፤ 48ቱ ሲቀነስ 62 ነጥብ ይቀራል፤ ለ25 ሲካፈል 2.48። ከ2.40 ብዙም አልራቀም፣ የሚነበበው ግን በአንድ ኮርስ ቀለለ። መልካም ይመስላል፤ ግን አንድ ወጥመድ አለበት። አብዛኛው ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። የጣላችሁት ኮርስ ለሚቀጥለው ዓመት ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ዓመት ሙሉ ሊጎትታችሁ ይችላል። ስለዚህ ድሮፕ ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ካሪኩለሙን ይዛችሁ አማካሪው ፊት ቁጭ በሉና «ይህ ኮርስ ማንን ይዘጋል?» በሉ። ማስጠንቀቂያና ማሰናበቻ ነጥቡ ከዓመት ዓመት፣ ከግቢ ግቢ ስለሚለያይ የራሳችሁን ዩኒቨርሲቲ ሌጅስሌሽን (መተዳደሪያ ደንብ) አንብቡ፤ የዶርም ጓደኛ አይጠየቅበትም።

መውጣት ግድ ሲሆን፣ በሥርዓት ውጡ። ቤት ሐዘን ደረሰ፣ አባት ታመመ፣ ድርቅ ከብቱን ጨረሰ፤ ይህ ይመጣል። የሚጎዳው መሄዱ አይደለም፣ ዝም ብሎ መሄዱ ነው። ዝም ብሎ የሄደ ልጅ ስሙ ክፍል ውስጥ ይቀራል፣ ፈተና ሲደርስ ኤፍ ይደረደርበታል፤ ሲመለስ የሚጠብቀው የኤፍ ዝርዝር ነው። በዊዝድሮዋል የወጣ ግን ከትምህርቱ የሚያጣው ያን ሴሚስተር ብቻ ነው። ቅጹን ከሬጅስትራር ውሰዱ፣ አማካሪና ዲፓርትመንት ይፈርሙ፣ ከዚያ ክሊራንስ (ከየቢሮው «ዕዳ የለበትም» ማስባል)፦ ላይብረሪ፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ስቶር። ፍራሽና ቁልፍ አስረክባችሁ ፈርሙ፤ የጠፋ ቁልፍ ብቻውን ክሊራንስ ሊያስቆም ይችላል። መታወቂያና ሚል ካርድ መልሱ፣ የተፈረመበትን ኮፒ ቤት አስቀምጡ። ሰው የሚረሳው አንድ ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ፤ በሁለተኛው ሴሚስተር መካከል የወጣ ልጅ መስከረም ላይ ቢመለስ ኮርሶቹ አይሰጡም። መመለሻው ያው ሁለተኛው ሴሚስተር ነው፤ የሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ማመልከቻው ደግሞ ከምዝገባው ቀድሞ ይገባል። አሥራ አምስት ቀን መዘግየት ሌላ ዓመት ሊያስከፍል ይችላል።

ስለ ድሬ ለብቻው አንድ ነገር። ሙቀቱ ቀኑን ይበላል፣ ስለዚህ ንባቡ ወደ ሌሊት ይገፋል፤ ሌሊቱ ደግሞ ጫት ይጠራል። ምርቃና ላይ የተነበበ ኖት ጠዋት ላይ የማይገኝ መሆኑን የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል፣ ግን ችግሩ ኖቱ አይደለም፤ የጠዋቱ ክፍል ነው። ሁለት ሰዓት የሚጀመር ክፍል ላይ አቴንዳንስ የሚሞላው እንቅልፍ የተኛ ነው። ታይዋን ገበያ ወርደው የስልክ እቃ መሸጥ የጀመሩም አሉ። ሥራውን አልነቅፍም፤ ቤት ገንዘብ ካልላከ ምን ይደረግ። ግን ሥራው ከላብ ቀን ጋር ሲጋጭ ሴክሽን መቀየር ይቻል እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ፣ በስምንተኛው አይሆንም። የግቢውን ካፌ ትታችሁ ነን-ካፌ፣ ማለትም የምግቡን ገንዘብ ተቀብላችሁ ራሳችሁን የምትመግቡ፣ ለመሆን ስታስቡም ገንዘቡ ወሩን ሙሉ ያበላ እንደሆነ አስቀድማችሁ ቁጠሩት።

ሴት ልጆች፣ ትንኮሳ ወይም ዛቻ ከደረሰባችሁ ወደ ሥርዓተ ፆታ ቢሮው ለመሄድ ሳምንት አትጠብቁ። የምታምኑትን አንድ ሰው ይዛችሁ ግቡ፣ የተላከባችሁ መልእክት ካለም አታጥፉት።

አዲስ ለተመደባችሁ ወጣት መምህራን ደግሞ፣ አማካሪ ስትባሉ ፊርማ ብቻ አትሁኑ። በስድስተኛው ሳምንት፣ የመጀመሪያው ቴስት ከታረመ በኋላ፣ ፕሮክተሩን፣ ነርሷን፣ ከተማሪዎች ዲን አንድ ሰውና የክፍሉን ተወካይ ለግማሽ ሰዓት ሰብስቡ። ለሁሉም አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ማን ያሳስባችኋል?» ስም በሁለት ሰው አፍ ከተነሳ እዚያው አንድ ሰው ስልክ ይደውል፤ ማን እንደሚደውል ሳይወሰን አትበተኑ፣ አለበለዚያ ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። ነርሷ በሽታውን አትናገር፣ «ይህን ልጅ ጥሩት» ካለች ይበቃል። የልጁ ጉዳይ ከዚያ ክፍል ከወጣ፣ ከእንግዲህ ማንም ምንም አይነግራችሁም።

የአማካሪያችሁ ስም የዲፓርትመንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊኖር ይገባል፤ ከሌለ ዝርዝሩ ጸሐፊዋ ጋ አለ። ነገ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ሄዳችሁ እዩት።