«ምን ልስጠው?» ላልከኝ ወጣት አባት

ሰሞኑን አንድ ወጣት አባት ጠየቀኝ። «ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ አለኝ። አልተኛም እያለ እስከ ማታ አምስት ሰዓት ያስመሸናል። እንቅልፍ እንዲወስደው ምን ልስጠው?» አለኝ። መልሱ ከባድ አይደለም። «ምን ልስጠው» የሚለው ቃል ግን ሆዴን አባባው። ዕድሜዬን ሙሉ ሕፃናት ሳክም ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህንኑ ጥያቄ በዚሁ ቃል የጠየቀች አንዲት እናት ግን እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣችም። ስለዚህ ለእሱ ብቻ ከምመልስ ትንንሽ ልጆች ላላችሁ ሁሉ ልጻፈው አልኩ።

ያኔ ገና ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። እናትየው ልጇን ይዛ የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። ልጁም ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ ቦታ አይረጋም። ወንበር ላይ ይወጣል፣ ይዘላል፣ መጋረጃውን ይጎትታል፣ መሀል ላይ ደግሞ ምንም ሳይነካው ያለቅሳል። ዓይኑ ቀልቷል፤ በእጁ ጀርባ ያሸዋል። እናትየው ችግሯን ልትነግረን «ማታ ማታ...» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ራሷ ወደ ግድግዳው ዘንበል አለ። እንቅልፍ ጣላት። ልጁ ሮጦ መጣና ጭኗ ላይ ወጥቶ፣ በጣቱ የዓይኗን ቆብ ወደ ላይ ገልጦ «እማዬ፣ አትተኚ!» አላት። ደንግጣ ነቃችና እኛን ይቅርታ ጠየቀችን።

ሐኪሙ በሥራቸው የተከበሩ ሰው ነበሩ። ልጁን በደንብ አዩት። ጆሮውን፣ ጉሮሮውን፣ ደረቱን። ጤነኛ ነው። «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» አሏትና ለአለርጂ የሚሰጥ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኝ ሽሮፕ ጻፉላት። ያን ጊዜ ይሄ እንግዳ ነገር አልነበረም። ወረቀቷን ይዛ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባትና «ለመሆኑ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል?» አልኳት።

ቆማ ነገረችኝ። አባትየው ከሥራ የሚገባው አምሽቶ ነው። ልጁ ደግሞ አባቱን ሳያይ አይተኛም። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ይመጣል፣ አንድ ቀን አራት ሰዓት። ሲመጣ ይጫወታሉ፣ ይሯሯጣሉ፣ ቤቱ ይደምቃል። ከዚያ መብራት ይጠፋና «በል ተኛ» ይባላል። ልጁ ያለቅሳል። አንዳንዴ አቅፋው ስትዞር፣ አንዳንዴ ቴሌቪዥን ፊት፣ አንዳንዴ በቁጣ ይተኛል። አንዱ ማታ ከሌላው ጋር አይገናኝም። መፍትሔው እዚያው ንግግሯ ውስጥ ነበር፤ ግን ስለ ትኩሳት፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ክትባት እንጂ ስለ ልጅ እንቅልፍ ያስተማረን አልነበረም። «አይዞሽ፣ ሲያድግ ይተወዋል» ብያት ተለያየን። ተመልሳ አልመጣችም። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ምክር ከእኛ አጥታ፣ ያውም ተወቅሳ፣ ሽሮፕ ይዛ መሄዷ ዛሬም ይቆጨኛል።

ምክሩ ይሄ ነው። ትንሽ ልጅ ሰዓት ማንበብ አይችልም፤ ከምን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ግን በደንብ ያውቃል። ገላ ይታጠባል፣ ፒጃማ ይለብሳል፣ ጥርሱን ይቦርሻል፣ ተረት ወይም መጽሐፍ ይነበብለታል፣ መብራት ይጠፋል። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። በየማታው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቅደም ተከተል ይሁን። ልጁ ፒጃማውን ሲያይ ሰውነቱ ለእንቅልፍ መዘጋጀት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት 405 እናቶችን ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ተከታትሎ ነበር። ገላ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት ወይም ማሸት፣ ከዚያ እንደ ማቀፍና እንጉርጉሮ ያለ ጸጥ ያለ ነገር፤ ይሄንኑ ለሁለት ሳምንት በየማታው ያደረጉት ቤቶች ልጆቹ ቶሎ መተኛት ጀመሩ፣ ሌሊት መንቃታቸውም ቀነሰ። የእናቶቹም ስሜት ተሻሻለ ይላል። እዚያ ጋ ስደርስ ያቺ እናት ትዝ አለችኝ።

ተረት ካልኩ አይቀር፣ አያቴ በየማታው አንድ ተረት ብቻ ነበር የምትነግረን። ቃል ከዘለለች እናርማታለን። የተረቱን መጨረሻ የሰማሁት ግን ስንቴ እንደሆነ እንጃ፤ ብዙውን ጊዜ ከመሀሉ አላልፍም ነበር።

የደከመው ልጅ ሁልጊዜ የሚያዛጋ አይምሰላችሁ። ሰዓቱ ሲያልፍበት ይብስበታል፤ ይዘላል፣ ይስቃል፣ ይነጫነጫል። ወላጅ ይሄን አይቶ «ገና እንቅልፉ አልመጣም» ይላል። መጥቶ አልፎታል እኮ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፤ የቀኑን ጨምሮ። አንተ ልጄ፣ ልጅህ ማታ አምስት ሰዓት ተኝቶ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳ ከሆነ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የተኛው። ቀን ትንሽ ቢያሸልብም አይሞላለትም።

ስለ ስልክ የምታውቁትን አልደግምም። አንድ ነገር ብቻ። ብርሃን ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ያዘገያል፣ የትንሽ ልጅ ዓይን ደግሞ ከእኛ ይልቅ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ የክፍሉም አምፖል ቀደም ብሎ ደብዘዝ ይበል።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ዘመን ወላጆች በጣም ትሻላላችሁ። አባት ስለ ልጁ እንቅልፍ ሲጠይቅ በእኛ ጊዜ መች ይታይ ነበር? ደስ ይለኛል። ግን ትዕግሥት ያንሳችኋል። ሁለት ማታ ትሞክሩና «አልሠራም» ብላችሁ ሌላ ዘዴ ፍለጋ ትገባላችሁ። ዘዴ በየሦስት ቀኑ ሲቀያየርበት ልጁ የቱን ይያዝ? መጀመሪያ ላይ ልቅሶው ሊጨምር ይችላል። ዓይኑ ሳይከደን አልጋው ላይ አስተኙት፤ አጠገቡ ወንበር ይዛችሁ ተቀመጡ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወንበሩን ወደ በሩ ጠጋ አድርጉ። ተነስቶ ቢመጣ ሳትቆጡ፣ ብዙ ሳታወሩ መልሱት። ዓይኑ ሳይከደን ያልኩት፣ ማንኛችንም ሌሊት በየመሀሉ ነቃ ስለምንል ነው። እቅፍ ውስጥ ተኝቶ አልጋ ላይ የነቃ ልጅ ግራ ይገባዋል፣ ይጣራል።

አባት ካመሸ ልጁ አይጠብቀው። ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ተነስቶ ከልጁ ጋር ይሁን። እዚህ ላይ ጨካኝ ነኝ፤ ለማንም ብላችሁ ሰዓቱን አትግፉት እላለሁ። ልጁ ሲያመው፣ ቤት ስትቀይሩ፣ አዲስ ሕፃን ሲመጣ ግን ሰዓቱንም ቅደም ተከተሉንም ተዉትና እቀፉት። ሲረጋጋ ትመለሱበታላችሁ።

ይሄ ሁሉ ለአራስ አይደለም። እስከ ሦስትና አራት ወር ድረስ ቀንና ሌሊቱ ገና አልተለየለትም። እሱን በጀርባው አስተኙት፣ አልጋው ላይ ትራስም አሻንጉሊትም አይኑር፣ ሲርበው አጥቡት።

ከየት ልጀምር ካላችሁ ከጠዋቱ ጀምሩ። ስንትም ሰዓት ይተኛ፣ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ቀስቅሱት፣ ብርሃን ይየው። የማታውን ደግሞ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሩብ ሰዓት ሩብ ሰዓት ቀደም አድርጉት። ልጁ በየሌሊቱ በኃይል የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ ቆም እያለ የሚቀጥል ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ያ ቶንሲሉ አብጦ መተንፈሻውን ስላጠበበው ሊሆን ይችላል፤ እሱን ገላ ማጠብም ተረትም አያስተካክለውም።