ቲች ፎር አሜሪካ (አዲስ ተመራቂዎች አሜሪካ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አካባቢዎች ሁለት ዓመት የሚያስተምሩበት ፕሮግራም) ሜዲካል ስኩል የመግባት ዕድሌን ያበላሽብኛል ወይ ላልከው

አያበላሽብህም። ሁለት ዓመት ስላስተማርክ "ጊዜውን አባከነ" የሚልህ የለም፤ እንዲያውም ኢንተርቪው ላይ የምታወራው አታጣም። ግን ዝቅ ያለ ጂፒኤ (የኮሌጅ አማካይ ውጤት) አይሸፍንልህም። ከታማሚ ጋር የምታሳልፈውን ሰዓትም አይተካም፤ ትምህርት ሲዘጋ ክሊኒክ ውስጥ በጎ ፈቃድ ፈልግ።

ሜዲካል ስኩል አሁን ተቀብለውህ ከሆነ፣ መግቢያህን ያራዝሙልህ እንደሆነ ከቲች ፎር አሜሪካ ጋር ሳትፈርም በኢሜይል ጠይቃቸው። ሁሉም አያራዝሙም። ገና ካላመለከትክ፣ የመጀመሪያው የማስተማር ዓመት እንዳለቀ ጁን ላይ ማመልከቻህን አስገባ። ሁለተኛውን ዓመት እያስተማርክ ኢንተርቪው ትሄዳለህ፤ ፈቃድ መለመን አለ እንግዲህ።

ኤምካትን (የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናውን) ግን ማስተማር ከመጀመርህ በፊት ተገላገለው። ብዙ ሜዲካል ስኩሎች የሁለት ሦስት ዓመት ውጤት ስለሚቀበሉ አይቃጠልብህም። ማታ ማታ የሰላሳ ልጅ ወረቀት እያረሙ ባዮኬሚስትሪ ሊያጠኑ የሞከሩ አይቻለሁ፤ መጽሐፉ ላይ ነው እንቅልፍ የሚጥላቸው።