ከተማው ያልተጻፈበት ውል

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አዲስ አበባ በሚገኝ ሰርከስ ውስጥ ሰውነትን የማጣጠፍ ትርኢት እሠራለሁ። አንድ ደላላ «በአውሮፓ የምሽት ክበቦች አርቲስት ሆነሽ ትሠሪያለሽ፤ ከተማው በኋላ ይነገርሻል» ብሎ ውል ሰጥቶኛል። ልፈርም?

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ አትፈርሚ። ሙያሽ በአውሮፓ ገበያ አለው፤ በእጅሽ ያለው ወረቀት ግን ወደዚያ ገበያ የሚወስድሽ አይመስለኝም።

ለአንቺ የሚሆነው ቫርዬቴ የሚባለው መድረክ ነው፤ ተመልካች እራቱን እየበላ አክሮባት፣ ምትሃት፣ ዘፈንና ቀልድ በየተራ የሚያይበት ቤት። እንዲህ ያሉ ቤቶች በጀርመን በርከት ይላሉ። መነሻው ሀኖቨር የሆነው ጂኦፒ የተባለ የቫርዬቴ ድርጅት በኤሰን፣ በሙኒክና በቦንም መድረክ አለው፤ ትርኢቱን በየሁለት ወሩ ገደማ ስለሚቀይር ዓመቱን ሙሉ አዳዲስ ባለሙያ ይፈልጋል። በርሊን ውስጥ ዊንተርጋርተን፣ ላይፕዚግ ውስጥ ደግሞ ክሪስታልፓላስት የሚባሉ ቤቶች አሉ። እነዚህ ቤቶች የሚገዙት ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ የሚወስድ፣ ሙዚቃውና ልብሱ የተሟላ የራስሽን ሥራ ነው። ከመድረክ ስትወርጂ ግዴታሽ አበቃ፤ ከእንግዳ ጋር መቀመጥ የሥራው አካል አይደለም።

ፓሪስን ብታስቢ አይገርመኝም። ሙላን ሩዥ የተባለው የታወቀ የትርኢት ቤት በየምሽቱ ሁለት ጊዜ ያሳያል፤ ነገር ግን መድረኩን የሚሞላው የዳንስ ቡድኑ ነው። ለሴት ዳንሰኛ ቢያንስ 1.75 ሜትር ቁመት ይጠየቃል፤ በዳንሱ መካከል የሚገቡት የሰርከስ ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው። ሊዶ የተባለው ሌላው የፓሪስ ቤትም የለመደውን ትርኢት በአውሮፓውያኑ 2022 አቁሟል።

ሥጋቴን ልንገርሽ። «አርቲስት» የሚለው ፈቃድ በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ወጣት ሴቶችን ወደ መጠጥ ቤት ማስገቢያ ሆኖ ኖሯል። በአውሮፓውያኑ 2001 በዚህ ፈቃድ ቆጵሮስ የገባች የ20 ዓመት ሩሲያዊት ወር ሳይሞላት ሞተች። አባቷ ከስሰው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2010 ቆጵሮስ ልጅቷን ከሰዎች ንግድ አልጠበቀችም ብሎ ፈረደ። ስዊዘርላንድም ለካባሬ (የምሽት ክበብ) ዳንሰኞች ትሰጥ የነበረውን ልዩ ፈቃድ ብዝበዛ ስለታየበት ከ2016 መጀመሪያ ጀምሮ አስቀርታለች። ስንት ሴት ከተጎዳች በኋላ መሆኑ ያበሳጨኛል። ስለዚህ ውሉ ከእንግዳ መጠጥ የሚታሰብ ኮሚሽን ካነሳ፣ ፓስፖርትሽ በአሠሪው እጅ ይቀመጣል ካለ፣ የአውሮፕላን ትኬትሽን ዕዳ ካደረገው ወይም በቱሪስት ቪዛ ግቢ ከተባልሽ መልስሽ እንቢ ይሁን።

በምትኩ ትርኢትሽን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆራረጥ፣ መላ ሰውነትሽ እየታየ በቪዲዮ አስቀርጪ። የመድረክ ኃላፊዎች ተቆራርጦ የተገጣጠመ ምስል አያምኑም፤ ማየት የሚፈልጉት አንዱን አቋም ከሌላው የምታገናኝበትን መንገድ ነው። ቪዲዮውን በቀጥታ ለቤቶቹ የአርቲስት ክፍል ላኪ። ወኪል ከያዝሽም ድርሻውን ሠርተሽ ከምታገኚው ክፍያ ላይ ይውሰድ እንጂ አስቀድመሽ ምንም አትክፈዪ። መንገዱ ለኢትዮጵያዊ ዝግ አይደለም፤ ከጅማ የወጡት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም በብሪታንያ በጀግሊንግ (ዕቃ እየወረወሩ በመቅለብ ትርኢት) ሠርተው በኋላ ሰርከስ አቢሲኒያን አቋቁመዋል።

አንድ ቤት ሲቀበልሽ ከክፍያው በፊት የሥራ ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ መድረክ ላይ እንደምትወጪ፣ መኝታውንና የአደጋ መድኑን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ጠይቂ። በአንቺ ሙያ ወገብ ከተጎዳ ወራት ሥራ ይቆማልና መድኑን ሳታረጋግጪ አትነሺ።